ለቁራው የተባለው

ማይሶር፣ ሐምሌ 2

አካ፣

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። እንደምን ነሽ? ፔናንግም እንደዚህ ይዘንባል? እኛ አለን። እማዬ ትበላለች ወይ ላልሽኝ፣ ሳህኗን ሞልታ ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች። የጎረቤታችን ውሻ ግን ወፍሯል።

በደብዳቤ ይሻላል ማለትሽ ልክ ነው። በስልክ ሳዋራሽ እማዬ አጠገቤ ቆማ ከንፈሬን ታያለች። አባዬ ደግሞ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ዘርግቶ፣ አንድ ገጽ ሳይገልጥ፣ ሁሉን ይሰማል።

ታላቅ ወንድማችን ካረፈ በአምስተኛው ቀን ወደ ሥራሽ በመመለስሽ ማንም አልተቀየመሽም። አክስት ፓድማ ትንሽ ተናግራለች፤ እሷ ግን ዝናቡንም ትቀየማለች። የኤሌክትሮኒክ ቺፕ ንድፍ ለፋብሪካ የሚላክበት ቀን ለለቅሶ እንደማይገፋ ለቤቱ ሁሉ ያስረዳው ጊሪሽ አና ራሱ አይደል? «ሺህ ሰው የሚጎትተው ገመድ ነው፤ አንዱ ቢለቅ ገመዱ አይቆምም፣ የለቀቀውን ግን ሁሉም ዞሮ ያየዋል» ይል ነበር። ጥር ላይ እሱ ራሱ ሲለቅ እንዴት ዞረው እንዳዩት ታስታውሻለሽ። አባዬ እንዴት እንዳየውም።

የአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥርዓት ደህና አለፈ። ሰው ሞልቶ ነበር። ደበርጃኑ ጨው አንሶታል ተባለ። ካህኑ ሌላ ሰፈር ሌላ ሟች ይጠብቃቸው ስለነበር የሞተር ብስክሌታቸውን ቁልፍ በእጃቸው እንደያዙ ነው የጸለዩት። ስለ ቁራው ለጠየቅሽኝ፣ ቁራ ነበረ። ዝናብም ነበረ።

ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። የፊዚክስ መምህሩ የእኔ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እንደ ሌላው ልጅ ጮክ ብሎ ቢጠራኝ ምን አለበት?

አና ከውጭ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሣጥን አሁንም ይሠራል። ማለዳ የቧንቧው ውሃ ሲመጣ ሁለቴ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ የጣራውን ሮቶ ይሞላል። እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሣ «ጊሪሽ ተነሣ» ትላለች። አባዬ «አንድ ቀን ሽቦውን እበጥሰዋለሁ» ይላል። እስካሁን አልበጠሰውም።

ታናሽ ወንድምሽ ሱማንት


ፔናንግ፣ ሐምሌ 19

ሱማንት፣

«ቁራ ነበረ» ምን የሚሉት መልስ ነው? ቁራማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? እኔ የጠየቅሁህ በላ ወይስ አልበላም ነው።

አትሳቅብኝ። የሟች ነፍስ በቁራ አምሳል መጥታ ሩዙን ካልቀመሰች ልቧ ውስጥ የቀረ ነገር አለ ሲባል ከአያቴ ጀርባ ሆኜ እስቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ምሳ እየበላሁ አንድ ቁራ ከመስኮቱ ውጭ መጥቶ አረፈ፤ ማንኪያዬን አስቀምጬ ብድግ አልኩ። ባልደረቦቼ የእሳት ደወል የሰማሁ መስሏቸው እነሱም ብድግ አሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? «ይቅርታ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሩዜን ግን አልጨረስኩትም።

ሌላም ነገር አለ። የምንሠራበትን ቺፕ አናም ባንጋሎር ቅርንጫፍ ሳለ ሠርቶበታል። ፋይሉን ስከፍት በየጥጉ ማስታወሻውን አገኛለሁ፤ «ይህን ከመንካታችሁ በፊት ጊሪሽን ጠይቁ።» ኩባንያውን ለቆ ነበር፣ አሁን ዓለምን ለቋል፣ ማንም ግን አላጠፋውም። እኔም አላጠፋሁትም። የተጻፈበትን ቦታም አልነካሁትም። ማንን ጠይቄ?

ይቅርታ፣ ስለ ፈተናህ ሳልጠይቅህ ወደዚህ ገባሁ። ሒሳቡ እንዴት ሆነልህ?

አቶ ናጋቡሻን ጽፈውልኛል። አና ከትልቁ ኩባንያ ወጥቶ የገባባት የዲዛይን አማካሪ ቢሮ ባለቤት ናቸው፤ በለቅሶው ዕለት ጃንጥላቸውን ለእማዬ ሰጥተው ራሳቸው የበሰበሱት አጭሩ ሰውዬ። ምን እንዳሉኝ ዛሬ አልነግርህም። አባዬ ፊት ስማቸውን እንዳታነሣ። አንድ ነገር ግን ንገረኝ። እሑድ እሑድ አና በረንዳው ደረጃ ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ የምትሆነው አንተ ነበርክ። ስለ ሐሩ ማሽን ምን ይልህ ነበር?

እውነቱን ጻፍልኝ። ልጅ አይደለህም።

አካ


ማይሶር፣ ነሐሴ 7

አካ፣

አልበላም።

ሳልነግርሽ የቆየሁት በአምስተኛው ቀን መሄድሽ ላይ ይህ ተጨምሮ እንዳይከብድሽ ብዬ ነው። አሁን ሁሉንም ልንገርሽ።

የሙዝ ቅጠሉን የጓሮ አጥር ላይ አስቀመጥን። ሩዝ፣ ደበርጃን፣ እርጎ፣ የሚወደውን ሁሉ። ቁራው መጥቶ የጎረቤት ኮኮናት ዛፍ ላይ ተቀመጠ፤ ግን አይወርድም። ካህኑ «የጎደለበትን ገምቱና ቃል ግቡለት» አሉ። አጎት ሼሻድሪ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ምርጫ የሚቀሰቅስ ይመስል፣ «ጊሪሽ! ለዲፓቫሊ በዓል እህትህን ድል ባለ ሰርግ እንድራታለን!» ብሎ ጮኸ። ቁራው ተነሥቶ ወደ ባሰ ሩቅ ዛፍ ሄደ። «ጊሪሽ እህቱን ቫሱዳን ከእናንተ በላይ ያውቃታል» አለች የአክስት ፓድማ ልጅ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁ አሳፈረው።

እማዬ ጨው በእፍኟ ይዛ ወጣች። «ጨው ነው ልጄ? ጨው አነሰው?» እያለች ሩዙ ላይ በተነችው። አባዬ ምንም ቃል አልገባም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቁራውን ሳይሆን አጥሩን ያያል። ዝናቡ ሩዙን ማጠብ ሲጀምር ካህኑ ከሣር ቁራ ጎነጎኑና በሣሩ አፍ ሩዙን ነኩት። «በሕጉ ይቆጠራል» አሉ። ይቆጠር ይሆናል። የሣር መሆኑን ግን ሁላችንም አየን።

የሐምሌው ወርኀዊ መታሰቢያም በሣር ቁራ አለፈ። የነሐሴውም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር በወደቀ ቁጥር «ምን ጎደለህ?» ትላለች። ማንኪያ ቢወድቅም፣ መጋረጃ ቢንቀሳቀስም። አንዳንዴ እኔ ነኝ የጣልኩት ለማለት እፈልግና ማንኪያውን አጥቤ እመልሳለሁ።

ሐሩን ጠይቀሽኛል። አባዬ «ያን የመሰለ ሥራ ጥለህ በዚህ በር አትገባም» ካለው ቀን ጀምሮ አና አንድም ቀን አልገባም፤ አንድም እሑድ አልቀረም። ደረጃው ላይ ይቀመጣል፣ እማዬ በወጥ ቤቱ መስኮት ሳህን ታቀብለዋለች፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ አባዬ ከግድግዳው ወዲያ ጋዜጣውን ይዘረጋል። የውሃውንም ሣጥን ቤት ሳይገባ ነው ከውጭ የሠራው። ራማናጋራ ከተማ ስላለች ቸሉቫማ ስለምትባል ሐር ፈታይ ይነግረኝ ነበር። የሐር ትሉን ጎጆ በፈላ ውሃ ውስጥ እያንሳፈፈች ክሩን ወደ መዘውሩ ትስባለች፤ ክሩ ሲበጠስ የምታውቀው በጣቷ ስለሆነ እጇ ቀኑን ሙሉ ከፍል ውሃው አይወጣም። አና የክሩን መበጠስ ዐውቆ መዘውሩን የሚያቆም የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እየሠራላት ነበር። «ትልቁ ኩባንያ ሳለሁ የሠራሁትን ቺፕ ማን እንደሚይዘው አላውቅም ነበር» አለኝ፤ «የዚህችን ሴትዮ ጣት ግን አውቀዋለሁ። የተቀቀለ ድንች ነው የሚመስለው።»

መንገድ ላይ በሞተበት ዕለት ሲመለስ የነበረው ከእሷ ዘንድ ነው። ስለ መንገዱ ሌላ አትጠይቂኝ።

ቦርዱ አላለቀም። ቁራውን የሚያስቀረው እሱ ይመስለኛል። ይህን የጻፍኩልሽ ስለጠየቅሽኝ ብቻ ነው። አቶ ናጋቡሻን ምን እንዳሉሽ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሒሳቡን ሃምሳ ሁለት አመጣሁ።

ሱማንት


ፔናንግ፣ ነሐሴ 29

ሱማንት፣

አዎ፣ ልክ ገምተሃል፤ አቶ ናጋቡሻን የጠየቁኝ በአና ቦታ ገብቼ ቦርዱን እንድጨርስ ነው። አዎ ብዬም መለስኩላቸው።

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ሰኞ አስገባሁ። አለቃዬ የትኛው ተፎካካሪ እንደወሰደኝ ጠየቀኝ። «ባንጋሎር ውስጥ ከብስክሌት መጠገኛ በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ» አልኩት። ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ «ስንት ሰው አላቸው?» አለ። «ስድስት ነበሩ፣ አምስት ቀሩ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቀኝም። ጨዋ ሰው ነው፤ የለቅሶ ፈቃዴ ወረቀት ላይ የአናን ስም ከእኔ ስም አጠገብ አንብቦታል።

ለቁራ ብላ ነው ብለህ እንዳታስብ። ወይም አስብ፤ እኔም ለይቼ አላውቀውም። ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት የአንድን ቺፕ አንድ ጥግ ነው። ያ ጥግ ደህና ይሠራል። ከዚያ ጥግ ማን ምን እንዳገኘ ግን አላውቅም። አና በረንዳ ላይ ለአንተ ያለህን ለእኔም ሊለቅ ሲል በስልክ ብሎኛል፤ እኔ ግን ያኔ «ለአባዬ እንዳትነግረው» ብቻ ነበር ያልኩት።

ትናንት የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ያን ፋይል ከፈትኩት። «ጊሪሽን ጠይቁ» ከሚለው ሥር «ወይም ቫሱዳን» ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት። ሊፍት ውስጥ ስደርስ ነው የታወሰኝ፤ እኔም እኮ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ የለሁም።

ለአባዬ ቤት መጥቼ ራሴ እነግረዋለሁ። አትቅደመኝ። ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። አንዴ ተናግሮታል፤ ሰላሳ ዓመት በመንግሥት የስልክ ፋብሪካ ተቀምጦ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልሆነም።

ሒሳቡ ሃምሳ ሁለት? አና ቢሰማ ጆሮህን ይዞ ነበር ከደረጃው የሚያወርድህ።

አካ


ማይሶር፣ መስከረም 24

አካ፣

እሑድ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ምንም አልሆነም ብል ይቀለኝ ነበር።

አባዬ በሩ ላይ ያለሽን ሁሉ ሰምቻለሁ። ለአና የተናገረውን ያንኑ ቃል ነው የደገመው፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልቀየረም። አንቺም ሄደሽ ደረጃው ላይ ተቀመጥሽ። አካ፣ ከደረጃው ሁሉ ሦስተኛዋን ለምን መረጥሽ? የአና ነበረች። አውቀሽ ነው? እማዬ ሳህኑን በመስኮቱ ስታቀብልሽ «ደግሞ» አለች። ያችን አንድ ቃል ብቻ። አንቺ የሰማሽ አልመሰለኝም፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ግን ሰምቷል።

አውቶቡስሽ ከሄደ በኋላ አባዬ ጠራኝ። «ዝናቡ ደረጃው ላይ ይደርሳል?» አለኝ።

«ነፋስ ሲኖር ይደርሳል።»

«እሱ ሲቀመጥም ይደርስ ነበር?»

«ሳህኑን በእጁ ይከልለው ነበር» አልኩት።

ጋዜጣውን አነሣ። የትናንቱ ነበር።

የመስከረሙም መታሰቢያ በሣር ቁራ ነው ያለቀው። አጎት ሼሻድሪ «ይህ ቁራ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊርማው ካልተሟላ ከወንበሩ አይነሣም» አለ። አባዬ በቀልዱ ተቆጥቶ ቤት ገባ። የጥቅምቱም ቢሆን ቦርዱ ሳያልቅ ስለሚደርስ ተስፋ አላደርግም።

ቸሉቫማ ቦርዱ ለመሣሪያዎች በዓል ይድረስልኝ ብላለች አልሽኝ። በዓሉ ዕለት ሁሉም መሣሪያውን አጥቦ፣ ቀይ ዱቄት ቀብቶ፣ አበባ አድርጎ ያሳርፈዋል፤ ማንም አይነካውም። እንግዲህ እስከ ዋዜማው ማለቅ አለበት። ይድረስ አካ። እኛ ዘንድ ዘንድሮ በዓል የለም፣ የሐዘን ዓመት ነው። እኔ ግን የአናን መበየጃ ብረት ከዕቃ ሣጥኑ አውጥቼ ጠርጌዋለሁ። ጫፉ ላይ የቆየ የብየዳ ቆርቆሮ ቀልጦ ደርቆ ነበር። እሱን አልፋቅሁትም።

ካለቀ ቁራው ይበላል።

ሱማንት


ባንጋሎር፣ ጥቅምት 15

ሱማንት፣

አለቀ።

ለመልስ በመዘግየቴ ይቅር በለኝ። በዋዜማው አቶ ናጋቡሻን ራሳቸው ቦርዱን በፎጣ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ እስከ ራማናጋራ በአውቶቡስ ቆመው ሄዱ። የመቀመጫ ቦታ ሲለቁላቸው «ይህ ልጅ መነቅነቅ አይወድም» ይላሉ። በዓሉ ዕለት ቦርዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ተቀብቶ ዋለ። በማግስቱ አስነሣነው። ክሩ ተበጠሰ፤ መዘውሩ ቆመ። ቸሉቫማ ግን እንዲያም ሆኖ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። «ልማድ ነው፣ ይቅርታ» አለችን፤ እኛን ይቅርታ ስትጠይቅ የምገባበት ጠፋኝ። ሁለተኛው ሲበጠስ ግን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ተቀምጣ፣ መዘውሩን እያየች ጠበቀችው።

አናን ታውቀዋለህ፤ ቦርዱ ላይ መጀመሪያ ያሰመረውን መስመር አልቀየርኩትም። አንድ ቦታ ስህተት ያለበት መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ተከራከርኩት። እሱ ነበር ልክ።

የጠየቅኸኝ ሌላ ነገር አለ፣ ሰዎቹ ስለ እሱ ምን አሉ ብለህ። መሞቱን የሰማ የለም። ማንም አልነገራቸውም። ቸሉቫማ ሻይ እያቀረበችልኝ «ያ ሳቂታው ልጅ የታለ? ዘንድሮ በዓሉን ከእኔ ጋር አደርጋለሁ ብሎ ነበር» አለችኝ። አቶ ናጋቡሻን ብርጭቋቸው ውስጥ ተመለከቱ። የበዓል ማግስት ነው፣ መዘውሩ ገና መሽከርከሩ ነው፣ ምን ልበላት? «ቤቱ ገብቷል» አልኳት።

«እሰይ» አለች። «እናቱ ደስ ይበላት።»

የኅዳሩ መታሰቢያ ሲደርስ ጻፍልኝ።

አካ


ማይሶር፣ ኅዳር 2

አካ፣

ትናንት ነበር። ከጽሑፌ መጀመሪያ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል፤ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታዪ።

ደብዳቤሽ የመጣው ባለፈው ሐሙስ ነው። አባዬ ፖስታውን ከፖስተኛው ተቀብሎ፣ ሳይከፍት፣ ለእኔ ሰጠኝ። «ምን ትላለች?» አለ። እስከ ዛሬ ጠይቆ አያውቅም። አነበብኩለት፤ አቶ ናጋቡሻንንም ሳልዘል። «ቤቱ ገብቷል» የሚለው ላይ ስደርስ «እስቲ ድገመው» አለ። ደገምኩለት። የቸሉቫማንም መልስ አነበብኩለት። ከዚያ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። አልተቀመጠም። ሦስተኛዋን ደረጃ እያየ ቆመ።

ትናንት ካህኑ መጡ፣ አጎት ሼሻድሪ መጣ፣ አክስት ፓድማ መጣች። ቦርዱ ማለቁን ሁሉም ሰምቷል፤ ስለዚህ ሁሉም ቁራው እንደሚወርድ እርግጠኛ ነበር። እኔ ራሴ «አና፣ አልቆልሃል! አካ ጨርሳዋለች!» ብዬ ጮህኩ። ቁራው ኮኮናቱ ላይ ሆኖ ላባውን አራገፈ። ቀጥሎ እማዬ ለመነችው። አልወረደም። እኔ እንግዲህ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ካህኑ ሣራቸውን ከከረጢታቸው አወጡ።

ይኼኔ አባዬ «ይተዉት» አላቸው።

ቅጠሉን ከነምግቡ ከአጥሩ ላይ አነሣ። ካፊያ ነበር። ቤቱን ዞሮ፣ በአንድ እጁ ምግቡን ከዝናቡ ከልሎ፣ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄደ። ሁላችንም ተከተልነው። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ቅጠሉን ከመድረኩ ወዲያ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«ኧረ ጌታው!» አሉ ካህኑ። «ቁራ ቤት ገብቶ? መዓት ነው እኮ!»

«መዓቱማ መጥቶ ሄዷል» አለ አባዬ።

አክስት ፓድማ ልትናገር ስትል አጎት ሼሻድሪ ክንዷን ያዛት። በሕይወቴ እሱ ሰው ዝም ሲያሰኝ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባዬ የበሩ ጎን ላይ ቆመ። ወደ ኮኮናቱ ቀና አላለም። ደረጃውን እያየ፣ ለሰው እንደሚናገሩት ባለ ድምፅ፣ ተናገረ። ያለውን ኋላ እጽፍልሻለሁ።

ቁራው ወረደ። መጀመሪያ ያረፈው ሦስተኛዋ ደረጃ ላይ ነው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቤቱን ወደ ውስጥ አየ። አንዴ ዘለለ፣ መድረኩ ላይ ቆመ። እማዬ የሳሪዋን ጫፍ ጎርሳ ነበር። ሁለተኛ ዘለለና ገባ። እንደ መንፈስ አልነበረም አካ፤ እንደ ራበው፣ እንደ በሰበሰ ወፍ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ ደበርጃኑን ነው ያነሣው። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኛ ግን ቁራውን እያየን ያላየን መሰልን።

ዛሬ ማለዳ ሣጥኑ ሁለቴ ጢጥ ጢጥ አለ። ነቅቼ ነበር፤ እማዬን ጠበቅኋት። ቆይታ ቆይታ «ውሃ መጣ» አለች። ተነሥታም ምድጃውን አቀጣጠለች።

አባዬ ጋዜጣውን ሳይዘረጋ ተቀምጦ ነበር። «ለእህትህ ጻፍላት» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ለቁራው ያልኩትን።»

ይኸው፣ እንደ ተባለው፣ «አንተ» ያለውን ብቻ «አንቺ» አድርጌ ጻፍኩልሽ፦

«ግቢ፣ ልጄ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ይጠረጋል። ውጭ ብዙ ተቀመጥሽ። ግቢና ብይ።»

ሱማንት